ነዳጁ እስኪያልቅ

በደርግ ዘመን በሆሳዕና ሰማይ ላይ አውሮፕላን ያበረረች ሴት አንዲት ብቻ ናት፤ እሷም እኔ ትርፊት ጠና ነኝ። ይህን የሚያስተባብል ካለ ይምጣና ዓይኔን እያየ ይናገር። ዛሬ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር በሬ ላይ የሚኮለኮሉት ጎረምሶች ምክሬን ፈልገው ነው። በካርቶን ታሽጎ የመጣ ሞዴል አውሮፕላን ይገዛሉ፣ ስልካቸው ላይ ሁለት ፊልም ያያሉ፣ ፓይለት ሆንን ይላሉ፤ በሳምንቱ ስብርባሪውን በፌስታል ቋጥረው እኔ ጋ ይመጣሉ።

"እትዬ ትርፊት፣ ሞተሩ ይጮኻል እንጂ አይነሳም!"

"እትዬ ትርፊት፣ ሲሄድ ደህና ነው፤ ሲመለስ ያምታታኛል!"

እኔም ወንበሬን ጥላ ሥር አስወጥቼ፣ ነጠላዬን አጣፍቼ እንደ ዳኛ እሰማቸዋለሁ። ሆሳዕና ደጋ ነው፣ አየሩ ሳስቷል እላቸዋለሁ። መመሪያው የተጻፈው ቆላ ለሚኖር ሰው ነው፤ እዚህ የነዳጁን መርፌ ጠበቅ፣ መንደርደሪያውን ረዘም አድርጉ። ከማስነሳታችሁ በፊት ክንፉን ከሥር በሁለት ጣት አንስታችሁ ሚዛኑን እዩ። አፍንጫው ትንሽ ዘንበል ካለ ጤነኛ ነው፤ ጭራው ከወረደ ግን ይዛችሁ ወደ ቤት ተመለሱ። ነፋስን ከጀርባው አድርጎ የሚያስነሳ ሰው አውሮፕላን አላስነሳም፤ እንጨት ወረወረ እንጂ። እንዲህ ስናገር የሚሰበሰበው ሰው መንገድ ይዘጋል፤ ባጃጆች ሳይቀሩ ሞተራቸውን አጥፍተው ያዳምጣሉ።

እኔን ያስተማረኝ ወንድሜ ማቴዎስ ነው።

አውሮፕላኑ የአባ ሉዊጂ ነበር። እኚህ ጣሊያናዊ ካህን ወደ አገራቸው ሲመለሱ መጽሐፋቸውን ለቤተ ክርስቲያን፣ በቅሏቸውን ለሰበካው፣ አውሮፕላናቸውን ደግሞ ቅዳሴ ላይ ያገለግላቸው ለነበረው ለማቴዎስ ተዉለት። ክንፉ ከእኔ ቁመት ይበልጥ ነበር። እርግጥ ያኔ ቁመቴ ያን ያህል አልነበረም፤ ቢሆንም ትልቅ ነበር፤ ሁለት ሰው ነው የሚሸከመው። የተሠራው እፍ ቢሉት ከሚበር ቀላል እንጨት ሲሆን፣ የተሰበረውን ጎኑን ማቴዎስ በቀርከሃ ጠግኖታል። ክንፉ ከሆዱ ጋር የሚታሰረው ከብስክሌት ጎማ የውስጥ ላስቲክ በተቀደደ ጥብጣብ ነበር። አንቴና ያለው የማዘዣ ሳጥኑ ትንንሽ የባትሪ ድንጋይ ነበር የሚፈልገው፤ ያ ግን ከሆሳዕና አልፎ አዲስ አበባም አይገኝም። ስለዚህ ማቴዎስ ለእጅ ባትሪ የሚሆነውን ትልቁን ድንጋይ በእንጨት ሳጥን ደርድሮ በሽቦ አገናኘው። ሳጥኑ አንገት ላይ ሲንጠለጠል ደወል የታሰረለት በሬ ያስመስላል። ነዳጁን አባ ሉዊጂ ከተዉት ስፒሪትና አባታችን ከጤና ጣቢያ ከሚያመጣው የጉሎ ዘይት ቀመመው። አባታችን ድሬሰር ጠና ይባላል፤ ከሆሳዕና እስከ ቦኖሻ እሱ መርፌ ያልወጋው ሰው የለም። አውሮፕላኑ ሲያልፍ የጉሎው ሽታ ሜዳውን ይሞላው ነበር። ዛሬም ያ ሽታ ካለበት ቤት ብገባ ቀና ብዬ ሰማይ አያለሁ።

ሬዲዮ ነው ተብሎ የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ተገኘ ሊመረምረው መጣ።

"ይህ ሳጥን ያወራል አይደል?" አለው ማቴዎስን።

"ያወራል ጓድ ሊቀመንበር። ከአውሮፕላኑ ጋር ብቻ ነው ግን።"

"አውሮፕላኑስ ከማን ጋር ያወራል?"

"እሱ ይሰማል እንጂ አያወራም።"

"እንደሱ ያለ ሰው በኖረኝ" አለ ጓድ ተገኘ። ከዚያ አንድ ዙር አይቶ አፉን ከፈተ፤ ምርመራው ገና አላለቀም በማለትም ሁለተኛ ዙር አዘዘ። ሦስተኛውን ያዘዘው ሚስቱን ጠርቶ ነው።

ማቴዎስ ከኋላዬ ቆሞ፣ እጁን በእጄ ላይ አድርጎ አስተማረኝ። "ሲሄድ ግራው ግራሽ ነው። ፊቱን አዙሮ ሲመጣብሽ ግን ግራሽ ቀኙ ይሆናል። ራስሽን አታስጨንቂ። የትኛው ክንፍ ወደቀ? የሳጥኑን ዘንግ ወደዚያው ግፊ፤ እንደሚወድቅ ሰው ደግፊው።" በአንድ በጋ ተማርኩት። ሌላው ሰው ዓመታት ይፈጅበታል። አንድ ቀን ማቴዎስ እጁን ከእጄ ላይ እንዳነሳ እንኳ ሳላውቅ ሜዳውን ዞርኩበት። ዘወር ስል ወንድሜ እጆቹን ኪሱ ከትቶ ይስቃል። "ከእኔ ትበልጫለሽ" አለኝ። ለማስደሰት ብሎ ይሁን አይሁን አላጣራሁም። የተነገረኝን ምስጋና የማጣራት ልማድ የለኝም።

ከዚያ ብሔራዊ ውትድርና መጣና ማቴዎስን ወሰደው። ሊሄድ ሲል የነዳጁን ጣሳ አንስቶ አንኳኳው። "አንድ ሙሌት ቀርቷል። ይህን አንቺ ነሽ የምታበሪበት። እኔ ስመጣ፣ እጄን ኪሴ ከትቼ እያየሁሽ።"

አባቴ አውሮፕላኑን ከሳሎኑ ጣሪያ ላይ አንጠለጠለውና በሁላችንም ፊት "ማቴዎስ ይህን ደጃፍ ሳይረግጥ መሬት አይለቅም" አለ። አባቴ በባሕርይው አይምልም፤ ያን ቀን ግን በእመቤታችን ማለ። እናቴ አየለች እሑድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ወንበር ላይ ወጥታ አቧራውን በዶሮ ላባ ትጠርጋለች። ፕሮፔለሩን፣ ክንፉን፣ ጭራውን፤ እንደ ሕፃን ገላ ቀስ አድርጋ። እናቴ ለአውሮፕላን ፍቅር አላት ብዬ አምን ነበር። ከማን ወረስሽው ለሚለኝም ሰው ለዓመታት ያንን ነበር የምናገረው።

እኔ በበኩሌ በየቀኑ እጠይቃለሁ። "አባዬ፣ ላብረው?" "አይሆንም።" ጠዋት እጠይቃለሁ፣ ማታ እጠይቃለሁ። "አይሆንም አልኩሽ፤ አንቺ ልጅ መስማት ተሳነሽ?" እንዲህ እንዲህ እያልን ዓመት አልፎ ተጨመረበት።

ጥቅምት ነበር። ዝናቡ አብቅቶ ሜዳው ለምልሟል፤ ሰማዩ ታጥቦ ተሰጥቷል። ሐሙስ ቀን ለአባቴ ምሳ ይዤ ስሄድ ከጤና ጣቢያው ጀርባ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። ፊት ለፊቱ አንድ ወታደር በአንድ ክራንች ቆሟል፤ አንድ እግሩ ከጉልበቱ በታች የለም። የፎንቆ ልጅ ነው። ሁለተኛውን ክራንች አባቴ ጉልበቱ ላይ አስተኝቶ መሬት መሬት ያያል። ቁስሉን ሊያይለት ነው ብዬ አሰብኩ፤ ሥራው ነዋ።

"ይህቺ ናት?" አለ ወታደሩ ሲያየኝ።

"እሷ ናት" አለ አባቴ።

"አብራሪዋ!" ወታደሩ ጎንበስ ብሎ ራሴን ዳበሰኝ። "ምሽግ ውስጥ ስላንቺ ያልሰማ የለም እኮ። ማታ ማታ ሌላ ወሬ አልነበረውም።"

እንግዲህ አስቡት። ዝናዬ ኤርትራ ገብቷል! ግንባር ላይ የተሰለፈው ሠራዊት በሙሉ፣ ከጄኔራሉ እስከ ወጥ ቤቱ፣ ያውቀኛል! ደረቴን ነፍቼ "አሁን ደግሞ በጣም ተሻሽያለሁ" አልኩት። ወታደሩ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። አባቴ ሰሃኑን ከእጄ ተቀብሎ ሳይከፍተው ለወታደሩ ሰጠው።

ማታ እንደ ልማዴ "አባዬ፣ ላብረው?" አልኩ። አባቴ ጣሪያውን አየ። "አይሆንም" አላለም። እኔም ይህ ነገር ሊሆን ነው ብዬ ያለ ራት ተኛሁ።

አባቴ ሁለት ሌሊት ከእናቴ ጎን ተኝቶ ያን ነገር በሆዱ እንዴት እንደያዘው ዛሬም አላውቅም።

ቅዳሜ ጠዋት ሰው መምጣት ጀመረ። መጀመሪያ ጎረቤታችን እትዬ እህተማርያም መጣች። የገቢ ሠራተኛ ሚስት ናት፤ ጎንደሬ ነች። ከእናቴ ጋር ፆሙ ባይገጥምላቸውም ጨው አይለያቸውም። ከዚያ የአባቴ ዘመዶች ከፎንቆ፣ ከዚያ ከቦኖሻ፤ በእግር፣ በበቅሎ፣ በጭነት መኪና ላይ። አጥሩ ሥር፣ ባሕር ዛፉ ሥር፣ እስከ መንገዱ ድረስ ሰው ሆነ። አንድ ሺህ ይሆናል። ሁለት ሺህ ቢባልም አልከራከርም። ሁሉም ንጹሕ ልብስ ለብሷል፤ ማንም ድምፁን ከፍ አያደርግም፤ እኔን ያየ ሁሉ ስቦ ይስመኛል። ሰው ከዚያ በፊት እንዲያ ስሞኝ አያውቅም።

በጓሮ ሴቶቹ ቡላና ቅቤ አቅርበው አታካና ሲያገነፉ ከበርሜሉ ጀርባ ሆኜ አዳመጥኩ። አታካና በእኛ ዘንድ የድግስ ምግብ ነው፤ ዝም ብሎ በጥቅምት ቅዳሜ አይገነፋም።

"ወንድሟ ዳኘ ሳይደርስ ማንም አፉን እንዳይከፍት።"

"ከሙዱላ ትናንት ተነስቷል ብለዋል።"

"ከሁሉ በፊት እህል ትቅመስ። ይህ በባዶ ሆድ የሚሰማ ነገር አይደለም።"

"ዛሬን በሰላም ትደር። ሲነጋጋ ነው።"

"እስከዚያ እንዴት አድርገን እንያዛት? ሞኝ መሰለቻችሁ? ጠዋት ሁለት ጊዜ ጠየቀችኝ።"

በርሜሉ ተንኳኳብኝና አዩኝ። እትዬ እህተማርያም እጇን ሳታብስ ትከሻዬን ያዘችኝ። "አንቺ፣ ምን ሰማሽ?"

"ሁሉንም! ግን ለእማዬ አልነግራትም።"

"ምኑን ነው የማትነግሪያት የኔ እመቤት?"

"አውሮፕላኑን እንደማበረው።"

እትዬ እህተማርያም ግንባሬን ሳመችኝና "አዎ፣ እሱን አትንገሪያት" አለች። ቅቤው ግንባሬ ላይ ቀረ።

በእኛ አገር መርዶ እንደ ሰላምታ መንገድ ላይ አይወረወርም። ወገን ይሰበሰባል። የእናት ወንድም ሳይደርስ አይነገርም፤ እሱ ነው የሚይዛት። እህል ትቀምሳለች። ሌሊቱን እንቅልፍዋን ትተኛለች፤ የመጨረሻዋ ነውና። ጎህ ሲቀድ በሩ ይንኳኳል። በዚያ ላይ ያን ጊዜ ከመንግሥት የመጣ ነገር ስላልነበረ፣ ያልተነገረ ሞት ማልቀስ አሉባልታ መንዛት ነው ይባል ነበር። ይህን ሁሉ የተረዳሁት አድጌ ነው። ያኔ የተረዳሁት ሆሳዕና ለእኔ ስትል መሰብሰቧን ብቻ ነው።

እናቴ ከሳሎኑ በር ላይ ጠራችኝ። "ትርፊት፣ ይህ ሁሉ ሰው ምን ሆኖ ነው?"

"አልነግርሽም!" አልኩና እየተፍነከነክሁ ሮጥኩ። እናቴም ሳቀች። ከልቧ ነበር የሳቀችው፤ የእሷን ያን ሳቅ ከዚያ በኋላ አልሰማሁትም።

አጎቴ ዳኘ ሲደርስ ፀሐይ ወደ ምዕራብ ዘንበል ብላ ነበር። አጎቴ አረም ትቶ ለሠርግ እንኳ የማይነሳ ሰው ነው። እናቴ ስታየው ሳቁ ከፊቷ ላይ ሄደ። ሳትስመው አልፋው ወደ አባቴ ዞረች።

"ጠና። ይህ ሰው ምን ፈልጎ ነው የመጣው?"

አባቴ አጎቴን አየ፣ እትዬ እህተማርያምን አየ። እኔ ግን ከዚህ በላይ መያዝ አልቻልኩም።

"እኔን ፈልጎ ነዋ! አውሮፕላኑን ላበረው ነው!"

ሁሉም አባቴን አየው። አባቴም ገደል አፋፍ ላይ ሐረግ እንዳገኘ ሰው ቃሌን ያዛት። "አዎ። አዎ፣ ልክ ናት። ዛሬ እናነሳዋለን።"

"ዛሬ?" አለች እናቴ።

"ዛሬ።"

እናቴ በበሩ በኩል ወደ ጣሪያው ቀና አለች። ክንፉን አየችው፤ እሑድ የጠረገችውን። ረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ ነጠላዋን አስተካክላ "እህተማርያም፣ የሠራችሁትን አምጪልኝ እስቲ። ርቦኛል" አለች።

ሁሉም ተነፈሰ። በላችላቸው። እትዬ እህተማርያም አርጅታ ከመሞቷ በፊት ነግራኛለች፤ "እያንዳንዱን እንደ መድኃኒት ነበር የምትውጠው። ሰሃኑን ጠርጋ በላችው። እናትሽ በሕይወቷ ሰሃን ጠርጋ አታውቅም። እኛም ሞኞቹ፣ እሰይ በላች አልን።" አባቴ ማቴዎስ ሳይመጣ አይነሳም ብሎ በእመቤታችን የማለውን የሰማችው እናቴ ብቻ አልነበረችም፤ እኛም ነበርን። የቆጠረችው ግን እሷ ብቻ ናት።

አጥሩ በር ላይ ጓድ ተገኘ መጣ። ስብሰባ ያለ ፈቃድ ክልክል ነው፤ ሰው ሁሉ መሬት መሬት አየ። ጓድ ተገኘ ቆቡን አውልቆ በብብቱ ያዘ፣ ጉሮሮውን ጠረገ፣ ከዚያ ለሕዝብ ሁሉ በሚሰማ ድምፅ ጮኸ፤ "ለአየር ትርዒቱ የመጣችሁ! ወደ ሜዳው! በሥርዓት!" እንግዲህ ከመንግሥት በላይ ማን ይመስክርልኝ? ትርዒት ነው ተባለ።

ሜዳው ላይ አባቴ አውሮፕላኑን በሁለት እጁ አቅፎ ይዞታል። ከማስነሳት በፊት አንድ ፈተና አለ፤ ልጆቼ፣ ይህን አትዝለሉ። አንቴናውን አጥፋችሁ፣ አንድ ሰው አውሮፕላኑን ይዞ ይራቅ፤ ጭራው ለትእዛዛችሁ መወዛወዙን ከሩቅ ያሳያችሁ። በታጠፈ አንቴና ሰላሳ እርምጃ ላይ ከሰማ፣ በተዘረጋው ሰማይ ላይ ይሰማል። አባቴ ሄደ። ዘንጉን ነካሁ፤ ጭራው ተወዛወዘ፤ አባቴ ጀርባውን እንደሰጠኝ አንድ እጁን አነሳ። ይሰማል። ደግሞ ሄደ። ደግሞ አነሳ። ሰላሳውን አለፈ፣ ስድሳውን አለፈ፣ ሜዳውን ጨረሰ። "በቃ አባዬ!" ብል አይዞርም። የግጦሹ ጫፍ ላይ፣ ከብቶቹ አጠገብ፣ አውሮፕላኑን አቅፎ ጀርባውን ሰጥቶን ቆመ። ትከሻው ይንቀጠቀጣል። ሞተሩ ሳይነሳ ምን ያንቀጠቅጠዋል ብዬ ገረመኝ። አባቴ ለጥንቃቄው ወደር የለውም ብዬ ለብዙ ሰው አውርቻለሁ።

ቆይቶ ተመለሰ። ዓይኑ ቀልቷል፤ ጉሎው ነው አለ። ነዳጁ ገና አልተቀዳም ነበር።

የጣሳውን ሁሉ ቀዳ። አንድ ሙሌት። ሞተሩ አንዴ አንኮራፋ፣ ሁለተኛ አንኮራፋ፣ ከዚያ ጮኸ። አባቴ ወደ ነፋሱ ሮጦ፣ አፍንጫውን ወደ ሰማይ ሳይሆን ቀጥ አድርጎ ለቀቀው። አውሮፕላኑ ወደ ሣሩ ትንሽ ዝቅ አለ፤ ሁለት ሺህው ሰው፣ ሦስት ሺህ ሳይሆን አይቀርም፣ ትንፋሹን ዋጠ። ከዚያ ያዘልኝ። ወጣ። ከባሕር ዛፉ በላይ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ መስቀል በላይ፣ ዋቸሞ የምንላት ሆሳዕናችን ሁሉ ከሥሩ። ሲሄድ ግራው ግራዬ ነው። ሲመለስ የወደቀውን ክንፍ ደገፍኩ። ማንም እጁን እጄ ላይ አላደረገም።

"አየሽ እማዬ?" አልኩ። አጠገቤ ቆማ እንደነበረ አላወቅሁም።

"አየሁ።"

"ማቴዎስ ሲመጣ ነዳጅ ስለሌለን ይናደዳል።"

እናቴ አውሮፕላኑን በዓይኗ ተከተለችው፤ ከቤተ ክርስቲያኑ ወደ ገበያው፣ ከገበያው ወደ እኛ። አጎቴ ዳኘ ከኋላዋ ቆሞ ሊነካት እጁን አነሳና መለሰው። ሴቶቹ ቀስ በቀስ እየቀረቡ ነበር። አሁን ሳስበው ሰማይ የሚያይ ሰው አልነበረም፤ ከእኔና ከእሷ በቀር። ሁሉም የሚያየው እናቴን ነበር።

"ትርፊት" አለችኝ ቀስ ብላ።

"እ?"

"አታውርጂው።"

ልቤ በኩራት ሊቀደድ! ሰው ሁሉ አውሮፕላን ሲያይ ቶሎ ይሰለቻል፤ እናቴ ግን አልጠገበችኝም። ዞርኩላት። ደግሜ ዞርኩላት። ከፍ አደረግሁት፤ ክንፉ ፀሐይ እየያዘ ብልጭ ብልጭ ይላል። እናቴ እጇን ጀርባዬ ላይ አደረገች። እጇ ይግላል። "እንደሱ። ገና ነው። አታውርጂው የኔ ልጅ" ትለኛለች፣ ጆሮዬ ሥር፣ ለእኔ ብቻ። እኔም "አላወርደውም" እላታለሁ። ያን ጊዜ ቃል የገባሁላትን ነገር መጠበቅ የምችል መስሎኝ ነበር።

ሞተሩ አንዴ ተንተፋተፈና ጠፋ።

ሰማዩ ላይ እንዲያ ያለ ጸጥታ ሰምታችሁ አታውቁም። ሞተር ሲጠፋ ሰው ሁሉ የሚሠራው ስሕተት አንድ ነው፤ ትንሽ እንዲቆይለት ብሎ አፍንጫውን ወደ ላይ ይስባል። እኔም እጄ ሊስብ ቃጥቶ ነበር፤ አታውርጂው ተብያለኋ። ግን ከሳባችሁት ክንፉ አየር ያጣል፣ እንደ ድንጋይም ይወርዳል። ስለዚህ አፍንጫውን ዝቅ አደረግሁ። ቀስ ብሎ፣ ነፋሱን ብቻ እያፏጨ፣ ከገበያው ማዶ ወደ እኛ መጣ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ሰው ሲያሳርፍ አይቻለሁ። እንደዚያ ያረፈ የለም። ሣሩን እንኳ አላጎበጠውም፤ ተንሸራቶ፣ ተንሸራቶ እናቴ እግር አጠገብ ቆመ።

እናቴ እጇን ከጀርባዬ ላይ አነሳች። ወደ አጎቴ ዳኘ ዞረችና "አሁን ንገረኝ" አለችው።

አጎቴ ምን እንዳለ አልሰማሁም። የሰማሁት ጩኸቱን ነው። ከሜዳው ዳር እስከ ዳር፣ ሴቱም ወንዱም፣ ከፎንቆም ከቦኖሻም የመጣው ሁሉ ባንዴ ጮኸ፤ ጓድ ተገኘ ሳይቀር፣ ቆቡን ፊቱ ላይ አድርጎ። ሰው እጁን ወደ ሰማይ ወረወረ። እናቴ መሬት ላይ ነበረች፤ ሰው ከበባትና አልታየችኝም።

እኔ የሳጥኑ ማሰሪያ አንገቴ ላይ እንዳለ ያን ሁሉ ሕዝብ አየሁ። ለማረፉ ነው የሚጮኹት ብዬ አሰብኩ። ሰው እንዲህ ሲያከብርህ ዝም አይባልም፤ ስለዚህ ሁለት እጆቼን ከራሴ በላይ አንስቼ፣ እየዞርኩ፣ ለሁሉም አሳየሁ።

ከቦኖሻ የመጣች የማላውቃት ሴት እየሮጠች መጥታ በጉልበቷ ወደቀችና ደረቴ ላይ ተጠመጠመች። "ወይኔ ልጄ፣ አንቺም ገባሽ! አንቺም አወቅሽው!" ትላለች፣ እንባዋ ሸሚዜን እያራሰው።

"እግዜር ይስጥልኝ" አልኳት፤ እጆቼንም አላወረድኩም።